ምራቂ

ጳጉሜን አምስት ጠዋት፤ ጣና ሞልቶ ደፍርሷል፣
የክረምቱ ጭቃ ከሾላው ሥር ደርሷል።
በዓሣ ማኅበሩ በር የለጠፍኩት ወረቀት
«ለዓመት ሒሳብ ዝግ ነን» ይል ነበር ትናንት፤
«ዝግ» የሚለውን ቃል ሌሊት ዝናብ አጥቦት
«ለዓመት ሒሳብ … ነን» የሚል ብቻ ቀረበት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚች ሚዛን ኋላ
ቆሜ ኖሬያለሁ፤ አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ የመጣውን ሌላ
ስመዝን፣ ስጠቀልል፣ ስደምር፣ ስቀንስ፣
ዓመቱ በኪሎ ሲያልቅ፣ ዓመቱ በኪሎ ሲደርስ።

ዛሬ ሳህኗ ባዶ ናት። የሚመዘን የለም።
ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ወልውዬ ቀና ስል ግን
ጠቋሚው ዜሮ ላይ አልቆመም።
አርባ ግራም ይላል።
ምንም ያልተጫነበት አርባ ይመዝናል።

የምን አርባ ግራም? የማን? ከመቼ ጀምሮ?
ገልብጬ ባያት፣ ከሳህኗ ሥር፣ እንደ ሰም ተጋግሮ፣
የዓሣ ቅርፊት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ደርቆ፣
ማንም ያልሸጠው፣ ማንም ያልገዛው፣ ከእኔ ጋር ተጣብቆ።
በማንኪያ እጀታ ብፍቀው፣ ጠቋሚው ዜሮ ገባ፤
የእኔ ልብ ግን አልገባ።

ከአስጋሪ ስረከብ፣ አርባ ግራም ለእርሱ፤
ለገዢ ስሸጥ ደግሞ፣ አርባ ግራም ከእርሱ።
ገቢና ወጪው እኩል፣ መዝገቡ የጸዳ፣
ኦዲተር ቢያገላብጥ የማያይበት ዕዳ።
ለካ «ሒሳቡ ገጠመ» እያልን ያጨበጨብነው
የገጠመ ነገር ሁሉ ልክ የሆነ መስሎን ነው!
ኩንታል ለሚያስጭነው ሆቴል አርባ ግራም ምኑ ናት?
ግማሽ ኪሎ ለምትገዛዋ፣ ለእናንየ ግን፣
የአንድ ልጅ ጉርሻ ናት።

ከሰዓት ሽምብጥ ወረድኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ
ሁለት ቆሮሶ ይዤ፤ «ይቅር በይኝ» ልበል ብዬ።
እናንየ ለዘመን መለወጫው ግድግዳዋን ትለስናለች፣
እስከ ክርኗ ጭቃ በጭቃ፤ ሰምታኝ ስታበቃ ሳቀች።
«አውቃለሁ፤» አለች፤ «እጄም እኮ ሚዛን ነው።
ግን ጠቅልለሽ ስትጨርሺ አንድ ጭንቅላት፣ አንዳንዴም ጅራት
የምትጥዪው አለ፤
‹ምራቂ› ትያለሽ፣ ፊትሽን ወደ ሐይቁ አዙረሽ፣
ሰው እንዳያመሰግንሽ የፈራሽ መስለሽ።
ሾርባዬ በሱ ነው የሚጣፍጠው።»

ምራቂ። እጄ እንጂ እኔ አላውቀውም ነበር።
በየትኛውም ዓምድ አልገባ፣ ሲደመር፣ ሲባዛ፣ ሲቀመር።
ተካካሰ አልልም፤ ማን መዝኖት?
ግን ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት
ከደብተሩ ውጪ የወደቀው ይሆን?

ስመለስ፣ በሐይቁ ዳር፣ ሙሄ ታንኳውን
ከዋርካ አስደግፎ ያደርቃል ደንገሉን።
«ከበደች፤» አለኝ። «ምን ጭነህባት?»
«ምንም። ውሃ ጠጥታ፤ ከውስጧ ነው ክብደት።
ፀሐይ ስታገኝ ይቀላታል።»
«በጳጉሜ ፀሐይ የታለና?»
«ባለችው» አለ ቀና ሳይል፣ ገመዱን ሲያጠብቅ እንደገና።

ቆሜ አሰብኩ።
አሥራ ሁለቱን ወር ሠላሳ ሠላሳውን
መዝኖ፣ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ዘግቶ መዝገቡን፣
እጁን ዘርግቶ ጣል ያደረጋት ማን ነው
ይህችን አምስት ቀን?
ደመወዝ የሌላት፣ ከቁጥር የወጣች፣
ማንም ሳይጠይቃት በላይ የተጣለች፣
አሥራ አንድ ጊዜ መጥታ፣ ዕቃ ስቆጥርባት
ፊቷን እንኳ ሳላያት።

ሊመሽ ሲል ማኅበሩ ደረስኩ፣ ቁልፍ ልመልስ።
ሚዛኗ ዜሮ ላይ ናት። ከነገ ወዲያ አምባዛው ይመጣል፤
ቅርፊቱም አንድ አንድ እያለ ከሥር ይጋገራል።
ማንኪያዋን ከሳህኗ አጠገብ በሚስማር ሰቀልኳት።
ወረቀቷን ልቀይር ብዬ፣ እስክርቢቶ አውጥቼ፣ ተውኳት፤
እንዲያው ትዋል።
ለዓመት ሒሳብ ነን።