የአንድ ብርጭቆ ከብት

አባቴ ከሜጫ ቁንዝላ ድረስ መጥቶ፣
አረንጓዴ ውሃ በርሜል ሙሉ አይቶ፣
«ምነው አንጓች» አለኝ፣ «ተምረሽ ተምረሽ
የድፍርስ ውሃ ዘበኛ ሆነሽ ቀረሽ?»

በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ ያዝሁት፣
«ከብቶቼ ናቸዋ፣ ተመልከት» አልሁት።
«ከአቧራ ያነሱ፣ ዓይን የማይሞሉ፣
አፋቸው እንደ እንዝርት እየሾረ 'ሚበሉ፤
መስካቸው አልጌ ነው፣ ፍግ ነው ያበቀለው፤
እነዚህን ማርባት የኔ ሥራ ይኸው ነው።

የአምባዛ ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ፣
አስኳሉን በሆዱ ስንቅ አርጎ ነው 'ሚመጣ፤
ስንቁ ያለቀ ለት አፉን ሲከፍት፣
የጤፍ ፍሬ ለሱ የወፍጮ ድንጋይ ናት።
አሳዶ መጉረስ ነው፣ ሕያው ነው የሚሻ፤
አያውቀውም ገና የዱቄት ጉርሻ።

አምና በሐምሌ ግን መብራት ጠፋና፣
አየር መንፊያው ቆሞ ውሃው ታፈነና፣
እኔና አስጋሪው ሙጨ፣ በሁለት ጭልፋ
ስንመታው አነጋን ትንፋሹ እንዳይጠፋ።
ስድስቱ በርሜል ሸተተ፣ ተደፋ።
አንዱ ተረፈልን። ያ ነው የዚህ ዘሩ፤
እንደ እርሾ ይቀራል ሁልጊዜ ከሥሩ።»

አባቴ ዝም አለ።
የገበያ በሬ ጥርሱን እንደሚያይ ሰው
ብርጭቆውን ይዞ አዟዙሮ አየው።
አልሳቀም። ቁጥራቸውንም አልጠየቀ።

ማታ፣ የጣና ነፋስ ቆርቆሮውን ሲንጥ፣
አምፖሉ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲያንቀላፋ፣
ሳልነሣ ተነሥቶ በጨለማ
ጫማውን ሲፈልግ ሰማሁት።
«ጭልፋው የታለ?» አለኝ።