የማክሰኞ ወንፊት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሃመርፌስት ከተማ፣
ፀሐይ በማትወጣበት በኅዳሩ ጨለማ፣
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ዳር፣
ኮምፒውተር የጨነቀውን ላግዝ፣ ላስተምር፣
አንድ ወንበር ለኔ፣ አንድ ለመጣ ሰው፤
ደሞዙ ምንም ነው፤ ያቆየኝ ወሬው ነው።

ራግንሂልድ መጣች የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ከዓሣ ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ጡረታ በወጣች ሰሞን፣ ሲሰለቻት ቤት።
"ዘጠኝ ሺህ ኢሜይል! ማን ያነበዋል?" አለች፤
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቁጭ ሳትል ጀመረች።

አንዴ መጋረጃ ገዝታ ከአንድ ሱቅ
አምስት ዓመት ሙሉ "ቅናሽ! ቅናሽ!" ሲጨቀጭቅ፤
የመብራት ድርጅቱ ቢከፍሉትም ሲጽፍ፤
መዘምራኑ ለአንድ ልምምድ አሥር ጊዜ ሲለፍፍ።

"መልክ እናስይዘው" አልኳት። ፎልደር ከፈትን፤
ለሒሳቡ፣ ለመዝሙሩ፣ ለሐኪሙ ስም ሰጠን።
"ማጣሪያው ወንፊት ነው፤ እብቁን ከዱቄቱ
ሲለይ የሚያድር" አልኳት፣ "ቀንና ሌሊቱ።"

ደስ አላት። ከዚያ ዝም አለች፤
ጓንቷን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግሞ አጣጠፈች።
"ሰውም ይገባል?" አለችኝ። "ወንድሜ፣ ኦድቫር።
የአባታችንን ጀልባ የሸጠ፣ እኔን ሳያማክር።"
አልጠየቅኳትም። ጻፍኩት፦ ከኦድቫር ከመጣ
ሳይነበብ ይለፍ፤ ፊት ለፊት አይውጣ።
"ፎልደሩ ማን ይባል?" "ኋላ በለው" አለች።
አመስግናኝ ሄደች።

እኔም ረሳሁት። ማሽን ግን አይረሳም፤
ደጃፍ ያቆሙት ዘበኛ ያዛጋል፤ ይህኛው አያንቀላፋም።
የባለቤቱ ቂም ቀልጦ ውሃ ቢሆንም
የታዘዘውን ይዞ፣ "ተው" ካላሉት አይተውም።

ባለፈው ማክሰኞ ተመልሳ መጣች።
"ሣጥኑ ሞልቷል፣ ቦታ የለም ይለኛል" አለች።
ምን እንደከበደው ልናይ ስንከፋፍት
"ኋላ" ላይ ቁጥር አየን፦ መቶ አርባ ስምንት።

ሁሉም የቅዳሜ። ሁሉም አንድ መስመር፦
"ከአባባ ወደብ፦ ንፋስ ከሰሜን። ጸጥ ያለ ባሕር።"
"ንፋስ ከምዕራብ። ውሃው አራት ዲግሪ። ሁለት ዳክዬ ቆጠርሁ።"
"ጭጋግ። ምንም አይታይም። ቢሆንም ወረድሁ።"
ከእያንዳንዱ ጋር ፎቶ፦ ያው ግራጫ ውሃ፣
ጀልባዋ የነበረችበት ባዶ፣ የባሕር በረሃ።

"ይቅርታ" የሚል ቃል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።
ስለ ጀልባዋም፣ ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል የለም።

እሷ ታነባለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሠላሳ፤
ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ሰለቸው፣ ተነሣ።
ጣቶቼን አየሁ። ማንስ ይወቅሰኛል?
የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት። ጽሕፈቱ ግን የእኔ ይመስላል።
ወንፊት ብዬ ነበር። ወንፊት የሚያውቀው
የራሱን ቀዳዳ ነው።

ሕጉን ራሷ አጠፋችው። "እርግጠኛ ነሽ?" ሲላት ማሽኑ፣ ሳቀች።
ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ረጅም ነበር፤ ሁሉንም ሰረዘች።
የወደቡን ባንዲራ አየች በመስኮት፤
አንድ መስመር ጻፈች፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ምልክት፦
"በእኔም በኩል ንፋሱ ከምዕራብ ነው።"

እሱ የሚጽፈው ቅዳሜ ነው።
ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው።
በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።