እንየው

ቡሬ መገንጠያ፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ጎማ ሲነፋ ነው፣ ጎማ ሲለጥፍ፣
እኔ የማውቀው።
"እንየው!" ስንለው
ክሪኩን ታቅፎ የሚበረው።

አባይ በረሃ ላይ ላንድሮቨሬ ሞታ፣
ቡሬ ስትገባ በገመድ ተጎትታ፣
"ለቆራሌ አትስጣት፣ ለኔ ሽጣት" አለ፣
ብሩን ከካልሲው ውስጥ እየነጠለ።
ሳቅሁበት።
ቆጠርሁት።
ሸጥሁለት።

ክረምቱን ከሥሯ ተኝቶ ከረመ፣
መስከረም አስነሳት፤ ሸጠና ደገመ።

አሁን ግቢው ሞልቷል፤ ዶልፊን፣ ቪትዝ፣ አይሱዙ፣
ከዳንግላ፣ ከሞጣ ሰዎች ሲመጡ ሊገዙ፣
"እስኪ ነጩን እንየው" ሲል አንዱ ከበር፣
የተጠራ መስሎት
ዛሬም ብድግ ይላል፣ ባለ ግቢው፣ ከወንበር።

እኔም ልገዛ ነው፤ ከሰው ኋላ ቆምሁኝ።
በዕድሜ ልጄ ነው፤
"ጋሽ እንየው" አልሁኝ።