ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል

ጥያቄው ይኸው ነው፦ «ለምን እኛን መረጥሽ?
ከሌላው ቢሮ ይልቅ እኛ ደጅ ምን አመጣሽ?»
ከሥሩ ነጭ ሣጥን፣ እንደ ጠባብ ጓዳ፣
ከሁለት መቶ ሃምሳ ቃል በላይ የማያስገባ እንግዳ።

አንባቢዋ እኔ ነኝ።
በሊድስ ከተማ፣ ከቦዩ ውሃ ዳር፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
የኅዳር ዝናብ መስኮቱን ሲያንኳኳ፣ ብርሃን ሲርቅ፣
ስምንት መቶ ስድሳ መልስ ተራ በተራ አያለሁ፤
ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ መልሼ አሞቀዋለሁ።

ሁሉም ይወደናል።
ሁሉም «በዓለም አቀፍ ዝናችን» ልቡ ተነክቷል፣
ሁሉም ገና በሕፃንነቱ ለፍትሕ ተጠርቷል።
አንዱማ የማዶውን ቢሮ ስም እንኳ ሳያጠፋ
ለነሱ የቋጨውን ፍቅር እኛ ደጅ ደፋ።
አልተቀየምኩትም፤ የሠርግ ዘፈን ማለት ይህ አይደል፣
የሙሽራዋ ስም ሲለወጥ ዜማው አይጎድል።
ጠንካራ ጎንህ ሲሉት፣ «ሥራ እወዳለሁ» ይላል፤
ድክመትህስ ሲሉት፣ «ሥራ አበዛለሁ» ይላል።

በአራት መቶ ሰባት ላይ አንዲት ልጅ መጣች፣
ሞርዌና ትሬጊር፣ ከፔንዛንስ፣ ከምድር ጫፍ የወጣች።
እሷም እንደ ሌላው በማወደስ ጀመረች፤
አንድ አንቀጽ ሙሉ ባዶ እንስራ ስታንቆረቁር ቆየች።
እጄ ወደ «አይሆንም» ሲሄድ፣ ጣቴ ሊጫን ሲቃጣ፣
ከሁለተኛው አንቀጽ የዓሣ ጠረን መጣ።

«ቅዳሜና እሑድ ማታ ዓሣ ጥብስ ቤት እሠራለሁ።
ከጀርባችን በተጎታች ቤቶች የሚኖሩ
አሥራ አንድ ቤተሰቦች ወረቀት ደረሳቸው፤
በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል።
ሚስተር ጃጎ መነጽሩ ጠፍቶበት
ድንች ሊገዛ ሲመጣ አንብቢልኝ አለኝ።
ከዘይቱ ፉጨት በላይ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።
ቀኑን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ቆጠራው የጀመረው ከተጻፈበት ቀን ነው፤
እነሱ እጅ የገባው ግን ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ።
የሕግ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስህተት መሆኑን አላወቅኩም፤
ጠረጠርኩ።
ዓሣ በምንጠቀልልበት ወረቀት ላይ መልስ ረቀቅን።
ስምንቱ ቤተሰብ አሁንም እዚያው ነው።
ሦስቱ ፈርተው ቀድመው ወጥተው ነበር፤
የሚስዝ ፔንሮዝ ድመት ዛሬም ባዶው ቦታ ላይ ትመጣለች።
ለምን እናንተን ብላችሁ ጠይቃችሁኛል፦
ስማችሁን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ወረቀት አናት ላይ ነው።
ያንን የጻፈው ሰው ቀኑን ሲቆጥር ምን ያስብ እንደነበር
ከውስጥ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ቃል።
አንዱን ሳትሞላው ትታዋለች።

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።
እኔም ጽፌአለሁ እኮ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ፣
ከሃያ ዓመት በፊት፣ ለአንድ የመኪና ማቆሚያ፤
ቀኑን በትክክል ቆጥሬ እንደሆን አላስታውስም፣
ድመት ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሠንጠረዡ ከአምስት ነጥብ ስጪ ይለኛል፤
«ስለ ቢሯችን ያላት ዕውቀት» የሚል መስመር ይጠብቀኛል።
አምስት ሰጠሁ። ከሁሉ አብልጣ ያወቀችን እሷ ናት።
ስለ መጀመሪያው አንቀጽ ግን፣ ብችል፣ ይህን ባልኳት፦
ያን ውዳሴ አጥፊው፣ ልጄ፤ ሌሎች ቀድመው ዘፍነውታል፤
ከዘይቱ ፉጨት ጀምሪ፤ የቀረው ራሱ ይከተላል።

ከአስተያየቱ ሣጥን ውስጥ፣ እሷ በተወችው ፈንታ፣
አንዲት ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «ትምጣ።»
ክሪስፒን ደግሞ አለ፣ ከላይ፣ ቀጥሎ የሚያያት፤
ዓሣ አይወድም እሱ። እንጃ፣ ምን እንደሚላት።

አራት መቶ ስምንትን ከፈትኩ። ሻዬ ዳግም በረደ።
«በዓለም አቀፍ ዝናችሁ...» ብሎ ውዳሴው ወረደ።