አታጠጋጊ

መርዘቡርግ። ስሟ ውስጥ መርዝ አለ ብለን እንስቅ ነበር፣ ሐበሾቹ ሁሉ፤
«ምኑ ያስቃችኋል?» ይሉናል ጀርመኖቹ፣ ሳቁን ሳይካፈሉ።
ወንዟም ዛለ ነው የሚባል፤ ዝሏል እንደ ስሙ፣ በረዶ ነክሶታል፤
ከሎይና በኩል ያለው የሰማይ ጫፍ ቢጫ ጢስ ለብሶታል።

ጥር ሰባ ስምንት። ከሚዛኑ ፊት ትንፋሼን ውጫለሁ፤
አየር ሲነካው የሚያልበውን ነጭ የሶዳ ፍሬ
በማንኪያ እቆጥራለሁ።
አርባ ግራም አንድ ሞል፤ አራቱ አንድ አሥረኛው፤
ውሃው ሊትር ሲሞላ፣ ዜሮ ነጥብ አንድ ነው መጠሪያው።
ቀላል ሒሳብ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ይሠራዋል።
እጄ ግን ሌላ ነው። እጄ ሒሳብ አያውቅ፤ እጄ ይቸኩላል።

ከፍላስኩ አንገት ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ተቀርጻለች፤
የውሃው ጎድጓዳ ሆድ እሷን ሲስም ማቆም ነው።
አንዲት ጠብታ አለፈች።
ማን ያያታል ብዬ፣ ልመጥጣት፣ ልሰርቃት፣ ፒፔቴን አነሳሁ፤
«ተዪው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ወይዘሮ ቫልትራውት። የካፖርታቸው ክንድ በአዮዲን የጠየመ፣
መነጽራቸው በክር፣ ፀጉራቸው በእርሳስ ተወግቶ የቆመ።
«ውሃዋን ብቻዋን የምታወጫት መሰለሽ?
ሶዳውም አብሯት ይወጣል፤ ሟሟ እኮ! የት ታገኚዋለሽ?
ሊትሩ ይሞላል፣ ሞሉ ግን ይጎድላል። ድፊው፤ እንደገና!»
በጀርመንኛ ነው ያሉት፤ ሞልን ከመሙላት በሆዴ አጋጭቼ ሳቅሁና
ደፋሁት።
ሁለቴ ደፋሁት።

በሻይ ሰዓት፣ «ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት» አሉኝ፣ ስኳር እያማሰሉ፤
«‹ጊዜ ይቀንሰዋል› ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ሒሳብ አይችሉ!
ውሃው ነው የበዛ፣ ዕቃው ነው የሰፋ፤
እሱስ ያው ነው፤ አንዲት ግራም አልጠፋ።»

ውሃው የሚተንበት ምሽት የለም ወይ፣ ልላቸው ነበር፤
እሑድ ማታ፣ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ ወዲያ፣ ነጩ ከሥር ሲቀር።
ብርጭቋቸውን አየሁ፤ ስኳሩ ሳይሟሟ ከታች ተኝቷል።
እሳቸውም አዩት። ማንኪያው ቆሟል።

ሲመሽ፣ ከቡሬቱ አሲዱ ላይ ጠብታ በጠብታ ስለቅ፣
ሮዙ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሲፈካ ሲጠልቅ፣
በመጨረሻ አንዷ ቀረች፤
የሕፃን ጥፍር ቀለም። ሠላሳ ሰከንድ ቆየች።

ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ ዘጠኝ ስምንት።
«አንድ አሥረኛ ልበለው?» አልኋቸው፣ ደክሞኝ፣ በልመና አንደበት።
«እንዳለች ጻፊያት» አሉኝ። «አታጠጋጊ።»

ጠርሙሱ ላይ ለጠፍሁ፤ ቀኑን፣ ስሜን፣ አኃዙን ሁሉ።
እሳቸው እርሳሱን ከፀጉራቸው መዝዘው፣ ሊፈርሙ ጎንበስ ሲሉ፣
ሽበቱ ትከሻቸው ላይ ፈሰሰ፣
ሙሉ በሙሉ።