አንድ ለሰማንያ ሰባት

የላሜራ በር ነው፣ በኪሎ የገዛሁት፣
በአራት በርሜል ላይ አጋደምኩና አገር አደረግኩት።
ኮምቦልቻ አለች እዚህ፣ ከነአቧራዋ፣
ሞቢል ላይ ብጀምር ክንዴ ነው ዳርቻዋ።
ልኬቷ አንድ ለሰማንያ ሰባት፤
እኔ ራሴ ብገባባት
ሁለት ሳንቲ አልሞላም፣ ኮፍያዬም ተደምሮበት።

ሠላሳ ዓመት ባትላሜራ ነበርኩ።
ስንት የተጨማደደ ፓራፋንጎ አቃናሁ፣
ዝገት ስፈገፍግ፣ ስቱኮ ስለቀልቅ ሸበትኩ፤
ወገቤ እምቢ ሲለኝ
መኪናውን አሳነስኩ እንጂ
መዶሻውን አልጣልኩ።

ኤንትሬው ቀደመ። ግንባሩ የሰርዲን ጣሳ፣
ሽንጡ የዘይት ጀሪካን፣ በጎኑ የተበሳ፣
ተሳቢው የክብሪት ቤት፣ ሁለት ተገጣጥሞ፣
ጎማው የካፖርት ቁልፍ፣ አሥራ አራቱም ጥቁር፣ ከጦይባ ሱቅ ተለቅሞ።

ቅጥቅጡ ግን አስቸገረኝ።
የልጅ መጫወቻ ነበር፣ ጭነት አይሱዙ፤
በብረት መጋዝ ከወገቡ ለየሁት፣
ሻንሲውን በሽቦ አንድ ጣት አስረዘምኩት፣
መስኮት ፈለቀቅኩ፣ ወንበር ከካርቶን ደረደርኩ፣
ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ ከኋላ መሰላል ቀጠልኩ።
ጋራዥ ሳለን እንዲህ አልነበር የምንሠራው?
ጭነት ሆኖ የተወለደውን
ቆርጠን፣ ቀጥቅጠን፣ ሰው ያዝ የምንለው?

ከዚያ ሱቆቹ መጡ።
ሙህዬ ሰዓት አዳሽ፣ በሩ ያለቀ የስልክ ካርድ፤
የዓሊዩ ጎሚስታ፣ ደጁ የላስቲክ ቀለበት የተከመረበት፤
ፎቶ ቤቱ፣ መስኮቱ ውስጥ ሙሽሮች፣ ፊታቸው ከምስር ያነሰ።
ጥግ ላይ ደግሞ «ጦይባ ክርና ቁልፍ»፣
ትንፋሽ ይዤ፣ ባንድ ፀጉር ብሩሽ የጻፍኩት።
ዋናው ሱቅማ የለም። መንገዱ ሲሰፋ
ባንዲት ቅዳሜ ፈረሰ፣ ከነመደርደሪያው ጠፋ።

ባቡሩን ሉባባ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከጅዳ ላከችው፤
ጣሪያው ላይ በረዶ ተቀብቶ ነበር። በረዶ፣ ለኮምቦልቻ!
ፍቄ አረንጓዴ አለበስኩት።
ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ነው።
ከማዶ ያለው ትልቁ ሐዲድ ዝም ብሏል፤
የኔው ግን ባትሪው እስኪደክም
በየሦስት ደቂቃው ይደርሳል።

ጦይባ የመጣችው ሐሙስ ማታ ነው፣
ያልተሸጠ ቁልፍ በፌስታል ይዛ። «ለጎማ ይሆንሃል።»
መነጽሯን ገፋ አድርጋ አጎነበሰች።
«የማን ሱቅ ነው ይሄ?»
«ያንቺ።»
«ውሸት። የኔ እንዲህ አላማረም።
የ‹ቁ› ጭራዋ ረግፎ ‹ቀልፍ› ነበር የሚለው፣
የግራው መዝጊያ አይከፈትም፣
ከታች ደግሞ ዝገት አለ፣ እስከ ጉልበት፣ ጎርፍ የገባ ጊዜ።»

ሌሊቱን ሙሉ በጨውና በኮምጣጤ፣
በጥርስ ብሩሽ ጫፍ እየረጨሁ
ዝገት ሠራሁ። እኔ!
ሠላሳ ዓመት ዝገት ስፍቅ የኖርኩ ሰውዬ
ሁለት ጣት ለማይሞላ በር ዝገት አማጥኩ፤
ሲጠቁር አጥቤ፣ ሲቀላ አጥቤ፣
የሷ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

በማግስቱ አየችው። ምንም አላለች።
ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ቁልፍ አወጣች፤
የልብስ አይደለም፣ የበር።
«ቤቱ ሄደ፣ ይሄ ቀረ። ምን እንደማደርገው እንጃ።»

ያ በኪሎ የገዛሁት በር፣
ቀኙ መዝጊያ፣ ማን ዘንድ እንደነበር
አልነገርኳትም ነበር።

እጇን ይዤ ከቦርከና ስር ሰደድኩት።
ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣
ቁልፉን ከታ አዞረች፦
ቀጭ።
ከላይ የሙህዬ ሰዓት ቤት ተነቃነቀ፣
ኤንትሬው ግማሽ ጣት ተንሸራተተ፣
ባቡሩ ሐዲድ ሳይስት ሐረጎን ዞሮ መጣ።

«ይቆማል?» አለችኝ፣ ገና እንደተንበረከከች።
«ፌርማታ አልሠራሁለትም።»
«ሥራለታ» አለች፣ ፌስታሉን እየፈታች፤
«ከሱቄ ፊት አይሁን እንጂ፣ ግፊያ አልወድም፤
ከጎሚስታው ማዶ።»