ከሦስቱ ብረት አንዱ

አርቦጋ፣ መጋቢት፤ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ፣
ሦስት አክስል ደርድሬ ቆሜ ሳስብ ሳስብ፣
ጉንቮር ምድጃው ጥግ ጓንቷን ስትሰበስብ፣
“ዘቢባ፣ ምረጭልኝ፤ እኔ ምኑን አውቄ፣
ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ ከብረት ርቄ።”

የባሏ መኪና ናት፤ ሞዴል ሠላሳ ሁለት፣
ጎተራ የከረመች፣ ዶሮ የፈለፈለባት፤
ቱሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርዶ የሚያዋራት፣
“በሚቀጥለው በጋ” እያለ ሲሸነግላት
በጋው ጥሎት ሄደ። ብረቱ ቀረላት።

ሻንሲዋ ተሞርዷል፣ ባሌስትራዋ ታጥቧል፣
ከፊት ግን እግር የላት፤ ክሪክ ተሸክሟታል።
ሞተር ቢከዳሽ መንገድ ዳር ያቆምሻል፤
አክስል ከከዳሽ ግን መንገዱም ይከዳሻል።

አንደኛው፣ ቱሬ ካንድ ሽማግሌ የገዛው፣
እሳት አለዝቦ ወገቡን ያጎበጠው፣
እንደ ዋሽንት ጎኑን መሰርሰሪያ የበሳው፤
አራት ጣት ሙሉ ነው ዝቅ የሚያደርጋት፣
አፍንጫዋን አስፋልት ሊያስልሳት።
መዶሻ አነሣሁ።
አባቴ ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ፣
የፉርጎ ጎማ እየመታ ነበር ሕመሙን የሚለይ፤
“ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የታመመ ያስላል” ይለኝ ነበር እኔን ሲያይ።
መታሁት።
ሳለ።

ግራሶውን ስጠርግ፣ ከፐርኖው ቀዳዳ ሥር
የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ ብየዳ የሸፈነው ነገር፤
ዙሪያውን ደግሞ በጠመኔ የተከበበ ነበር።
የቱሬ እጅ ነው፤ ክቡ እንኳ አልገጠመም ዳር ለዳር።
“ያውቅ ነበር እንዴ?” አለች ጉንቮር።
በአውራ ጣቴ ጠመኔውን ጠረግሁና
“እኔ እንጃ” አልኩ። ሌላ ምን ልናገር?

ሁለተኛው ቱቦ ነው፤ በፖስታ የመጣ፣
ክሮሙ ጥርስ ያሳያል ሳቅ ሲመጣ።
ግን አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሌላው ሲቀር ከፍ ብሎ፣
ቱቦ መጠምዘዝ አያውቅም፤ ይሄዳል ቡሎን ነቅሎ።
የዚህ አገር መንገድ ደግሞ ውርጭ ሲለቀው ያብጣል፤
እንደ ሊጥ ነው፣ እዚህ ኩፍ ይላል፣ እዚያ ይሰምጣል።

ሦስተኛው ቀጥ ያለ፣ እሳትም ያልነካው፣
ከድርቆሽ ጋሪ ሥር ባለፈው ያገኘነው፣
ዝገቱ ቅርፊት ሆኖ ግንድ ያስመሰለው።
ከፍ ብላ ነው የምትሄድ፤ ዝቅታ አያውቅም፤
የሰፈሩ ጎረምሳ “ትራክተር” ሳይላት አይቀርም።
መታሁት።
ድምፁ ምድጃውን ዞሮ፣ መስኮቱን ነክቶ፣ ተመለሰ፤
ጉንቮር ቀና አለች። ከጣሪያው በረዶ ፈረሰ።

“ቱሬ ግን ዝቅ ያለችውን ነበር የሚመኘው” አልኳት።
ከዘራዋን ሞርሳው ላይ አስደግፋ ተነሣች፤
“ክሪኩን አውርጅው፣ እሱ በሚመኘው ልክ” አለች።
አወረድኩ። አንድ እግሯን አስገባች፣
ሁለተኛው ላይ ቆመች፣
ነጣች፣
ተሳደበች።
መልሼ ከፍ አደረግሁ፤ ገብታ ቁጭ አለች።

“የእኔንም አክስል ኅዳር ላይ ቀይረውታል፤
ቲታኒየም ነው፣ ዋስትና አለው ተብሏል።
ዝቅ ካለ እገባለሁ፤ ማን ግን ያወጣኛል?”
መዶሻውን ተቀብላኝ ዳሌዋን ቀስ አድርጋ ነካች፤
“ስሚው እስኪ፤ ያስላል?”
“ይጮሃል” አልኩ። እስኪያስላት ሳቀች።

ከዚያ ዝም ብላ መሪውን ይዛ ቆየች፣
ጎማ በሌላት መኪና የሆነ ቦታ ደረሰች።
“ያንን የሚያስለውን” አለች፣
“አትጣይው፤ ግድግዳው ላይ ስቀይልኝ።
ሃያ በጋ ሙሉ በሱ ሲያመካኝልኝ
ጠመኔውን ቀድሜ አይቼው ነበር እኔ፤
ለአርባ ዓመት ትዳር አንድ ውሸት፣ አይበዛም ወገኔ።”

ቡሎኑን በጣሳ ዘረገፍኩ፣ ዳዶውን ለየሁ፤
ጓንቷን አውልቃ መጣች፤ “እኔ እቆጥራለሁ።”
ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።
“ፐርኖው ስንት ነው ደግሞ?”